የሦስቱ ሸክላዎች ዝምድና

ቅጽል ስም የሚወጣው ድምፁ ለሚሰማ ሰው ነው። ለዚህም ይመስላል ባልየውን ሰፈሩ ሁሉ «ማስትሮ» እያለ ሲጠራው፣ ሚስቱ እስከ ዛሬ «የማስትሮ ሚስት» ሆና የቀረችው። ሥራ ቦታዋ ላይ ደግሞ «የታችኛዋ» ይሏታል። የምትሠራው ከሆስፒታሉ ምድር ቤት ስለሆነ እንጂ ከማንም አንሳ አይደለም።

የምድር ቤቱ ክፍል መስኮት የለውም። ከቀዶ ጥገና ክፍል ደም የነካው መሣሪያ ሁሉ ወደ እሷ ይወርዳል፤ ታጥቦ፣ በብሩሽ ተፈግፍጎ፣ ደርቆ፣ በአረንጓዴ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በእንፋሎት ተቀቅሎ ተመልሶ ይወጣል። ጥቅሉ የሚታሸግበት ፕላስተር ላይ ፈዘዝ ያሉ መስመሮች አሉ፤ እንፋሎቱ በደንብ ከደረሳቸው ይጠቁራሉ። ካልጠቆሩ ጥቅሉ እንደገና ይገባል። ልመና የለም፣ «የዛሬን እለፊኝ» የለም። የማስትሮ ሚስት ይህን ሥራ ትወደዋለች። ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋውን መቀስና መቆንጠጫ አንዴ ቃኘት አድርጋ «ይሄ ሐሞት ነው፤ ያ ደግሞ የልጅ ቶንሲል» ትላለች። የማትወደው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጠዋት ፀሐይዋን ትታት ትገባለች፤ ከሰዓት ስትወጣ መሬቱ ረጥቦ ይጠብቃታል። ዝናቡ መቼ መጥቶ መቼ እንደሄደ የሚነግራት የለም።

ታዲያ አንድ ሐሙስ የነርሶቹ አለቃ ደረጃውን ወርዳ መጣች። ይሄ በራሱ ወሬ ነው፤ አለቃ ያስጠራል እንጂ አይወርድም።

«ሌላ ከተማ አዲስ ሆስፒታል ሊከፈት ነው» አለቻት። «የማምከኛ ክፍሉን የሚያቋቁም ሰው ስጪን ብለውኛል። ያንቺን ስም ሰጥቻለሁ።»

«የኔን፣ ሲስተር?»

«ያንቺን። ኃላፊ ሆነሽ ነው የምትሄጂው። ክፍሉ ገና ባዶ ነው፤ ጠረጴዛው የት እንደሚቀመጥ እንኳ የምትወስኚው አንቺ ነሽ።»

«መስኮት አለው?»

አለቃዋ ስለ ደመወዝና ስለ እርከን የሚመጣውን ጥያቄ ለመመለስ ተዘጋጅታ ነበርና ትንሽ ግራ ተጋባች። «ያለው ይመስለኛል» አለች። «ብቻ አስቢበት። የሚቀጥለው ሰኞ አልፎ በዚያኛው ሰኞ መልስሽን እፈልጋለሁ። አልሄድም ካልሽ ሌላ ሰው እልካለሁ።»

የማስትሮ ሚስት ያን ቀን መቀስ ስትጠቀልል ዋለች፤ በሐሳቧ ግን ጠረጴዛ ስትጎትት ነበር። አንዴ በሩ አጠገብ፣ አንዴ መሐል ላይ፣ በመጨረሻ ከመስኮቱ ሥር አኖረችውና እዚያው ተወችው። መሄድ ፈልጋለች። ይህን ለራሷ ለማመን አልተቸገረችም። ጭንቁ ለባሏ መንገሩ ላይ ነበር። እሱ ከዚያች ፀጉር ማስተካከያ ሱቁ ይነቀላል ብሎ የሚያስብ ሰው በሰፈሩ አልነበረም፣ እሷም ጭምር።

ማስትሮ ሱቋን የገዛት ጡረታ ከወጣ አንድ ሽማግሌ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሽማግሌው ከመስታወቱና ከወንበሩ ጋር አንድ የሸክላ ማጫወቻና ሣጥን ሙሉ ሸክላ ትቶለት ሄደ። ሸክላዎቹ በሙሉ ክላሲካል ናቸው። ሽፋናቸው ላይ የሰፈረው ጽሑፍ ግን ማስትሮ በማያውቀው ፊደል ነበርና ማን እንደ ደረሳቸው፣ ምን እንደሚባሉ አያውቅም። የሚያነብለት ሰው አይጠፋም ነበር። እሱ ግን አልፈለገም። «የሰው ስም ሳትጠይቅ ፀጉሩን ትቆርጥለት የለ እንዴ?» ይላል። ስለዚህ ስሙን ራሱ አወጣላቸው። ኦርኬስትራው በሙሉ እያለከለከ የሚወጣበትን «ዳገቱ» አለው። ሁለት ቫዮሊኖች በአጥር ላይ እንደ ተንጠለጠሉ ሴቶች የሚመላለሱበትን «ጎረቤታሞቹ» አለው። ማርሽ ሆኖ ማርሽነቱ የሰለቸው የሚመስለው «ሰነፉ ሰልፍ» ተባለ። ሲጀምር እሳት የሚተፋው «አክስቴ ስትቆጣ» ነው። «ሽንኩርት ልጣጭ» የሚባልም አለ፤ ለምን እንደ ተባለ የሰማው ሁሉ ዐይኑን እየጠረገ ይረዳል።

አንድ ቀን ታዲያ ማስትሮ የደንበኛ ጉሮሮ ላይ ምላጭ እንዳስቀመጠ ድርቅ ብሎ ቀረ። «አክስቴ ስትቆጣ» ውስጥ እየጋለበ የሚያልፈው ዜማ፣ «ሽንኩርት ልጣጭ» ውስጥ ከል ለብሶ፣ ራሱን ደፍቶ ሲሄድ ያዘው። ያው አንዱ ሰውዬ ነው፤ በሠርግና በለቅሶ። ደንበኛውም ምላጩ እስኪነሳ ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው ተጀመረ። ማስትሮ ሦስት ሸክላ በየተራ ያጫውታል፤ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ዝምድናቸውን ማወቅ አለበት። ደንቡ አንድ ነው፦ ዝምድናው ከራሱ ከሙዚቃው ውስጥ የሚገኝ፣ በጆሮ የሚደረስበት መሆን አለበት።

የጨዋታው ዋና ተጠቂ ባለ ታክሲው ነበር፤ ጢሙ ቶሎ ቶሎ ያድጋል።

«እሺ፣ ምንድን ነው ዝምድናቸው?»

«ሦስቱም ረጅም ናቸው» ይላል ባለ ታክሲው ከአረፋው ሥር።

«ይሄ መልስ አይደለም።»

«ለኔ መልስ ነው። መኪናዬን ክልክል ቦታ አቁሜያታለሁ።»

«በሦስቱም ከበሮው እስከ መጨረሻው አይመታም። አልሰማህም?»

«ያልተመታ ከበሮ በምን ጆሮዬ ልስማ?»

«እሱ ነው እኮ ጨዋታው።»

«ማስትሮ፣ እኔ የመጣሁት ጢሜን ልላጭ ነው። ጭንቅላቴን ከውስጥ ላስከረክም አይደለም።»

ይህን ይበል እንጂ ሌላ ፀጉር ቤት ሄዶ አያውቅም።

ማስትሮ ክፉ ሰው አይደለም። አይሰክርም፣ ቂም አያሳድርም፣ ድሀ ሲመጣ ፀጉሩን ቆርጦ «ሌላ ቀን» ይላል። አንድ ነገር ብቻ አለበት። ሙዚቃ እየሄደ ሰው አፉን ሲከፍት ጣቱን ቀጥ ያደርግና «ቆይ» ይላል። «ቆይ፣ አሁን ትመጣለች።» የምትመጣዋ አንዲት ክላርኔት ናት፣ ወይም አንዲት ቀጭን የቫዮሊን ድምፅ። ስትመጣ ፊቱ እንደ መብራት ቦግ ይላል። እሷ መጥታ እስክትሄድ ግን ሊናገር የነበረው ሰው ነገሩን ረስቶታል፣ ወይም ተቀይሞ ትቶታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የማስትሮ ጆሮ ደግሞ ለቤቱም ባዳ ነበር።

ሚስቱ መጀመሪያ የሞከረችው ያኑ ሐሙስ ማታ ነው። ከሥራ ስትመለስ በሱቁ በኩል አለፈች። «ዳገቱ» እየሄደ ነበር።

«አንተ፣ ዛሬ አለቃዬ እታች ድረስ ወርዳ መጣች።»

ጣቱ ቀጥ አለች። «ቆይ፣ ጫፉ ላይ ሊደርሱ ነው።»

ጫፉ ላይ ሲደርሱ ደንበኛ ገባ።

እሑድ እሑድ ማስትሮ ማጫወቻውን እንደ ክርስትና ልጅ ታቅፎ ወደ ቤት ያመጣል። የዚያን እሑድ ምሳ ላይ «ጎረቤታሞቹ» ተከፈቱ።

«ስለ ሥራዬ አንድ ነገር ልነግርህ ፈልጌ…»

«ቆይ፣ ሁለተኛው ሊመልስለት ነው።»

ሁለተኛው መለሰለት። አንደኛው ሌላ አመጣ። እሷ ሳህኖቹን አንስታ ወደ ወጥ ቤት ሄደች።

በማግስቱ አግብታ የወጣችው ልጃቸው ስትደውል ነገሩን ነገረቻት።

«እማዬ፣ ንገሪው እንጂ።»

«እየነገርኩት ነው። እሱ አይሰማም እንጂ።»

«ማጫወቻውን አጥፊበት።»

«ልጄ፣ አባትሽን ታውቂው የለ? እሱን ካጠፋሁ ፀብ እንጂ ወሬ አይሆንም።»

ሦስተኛው ረቡዕ ነበር፣ ሱቅ ውስጥ፣ «ሰነፉ ሰልፍ» ሲያዛጋ። ማንም ደንበኛ አልነበረም። «ስማኝማ፣ ለሰኞ መልስ መስጠት አለብኝ» አለች፤ ቁርጥ አድርጋ ነው የጀመረችው። ማስትሮ ፎጣ እያጠፈ ነበርና ጣቱን ለማንሳት እጁ አልተመቸውም። በቅንድቡ ብቻ «ቆይ» አላት። ያናደዳት ይሄኛው ነው። ከዚያ በፊት ቢያንስ ጣቱ ይደክምላት ነበር።

ዝም አይነቅዝም የሚሉ አሉ። ይህ ነገር ግን ሊነቅዝ የቀረው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት የማስትሮ ሚስት ወደ ሱቁ ስትሄድ አንድ ሐሳብ ይዛ ነበር። ይህ ሰው የሚሰማው ሸክላ ብቻ ከሆነ በሸክላ ይነገረዋል። ባለ ታክሲው ወንበሩ ላይ ተደላድሏል፤ አንደኛው ጉንጩ ተላጭቶ አብረቅርቋል፣ ሌላኛው በአረፋ ተሸፍኗል።

«ዛሬ እኔ ላጫውት» አለች።

ማስትሮ ምላጩን አወረደ። ሚስቱ ገማች እንኳ ሆና አታውቅም፤ ስትጠየቅ «እንጃ፣ ደስ ይላሉ» ብላ የምታልፍ ናት።

«አንቺ? ዝምድና አግኝተሽ?»

«አግኝቼ።»

«በል እንግዲህ» አለ ባለ ታክሲው፣ «ዛሬስ ማስትሮም ይፈተናታል።»

እሷም ከሣጥኑ ውስጥ «ዳገቱ»ን፣ «ጎረቤታሞቹ»ን እና «ሰነፉ ሰልፍ»ን አወጣች። ዝምድናቸው ለእሷ ግልጽ ነው። በሦስቱም ላይ አንዲት ሴት አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፍታለች፣ በሦስቱም ላይ «ቆይ» ተብላለች። ሸክላዎቹን አንድ በአንድ፣ መሣሪያ እንደምትደረድር አድርጋ፣ ጠርዛቸውን ብቻ ይዛ አጫወተች። ከዚያ ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ተቀምጣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣመረች።

«ሦስቱም ሲጀምሩ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው» አለ ማስትሮ።

«አይደለም።»

«በሦስቱም ፒያኖ የለም።»

«የለም፤ ግን እሱ አይደለም።»

«የምቱ አቆጣጠር?»

«እኔ ምት መቁጠር መቼ አውቄ።»

«ፍንጭ ስጪና!»

ባለ ታክሲው በመስታወቱ ውስጥ አንዴ እሷን አንዴ እሱን ሲያይ ቆይቶ ነበር። «እኔ ልበል? በሦስቱም ጊዜ እዚህ ቤት መናገር ክልክል ነው» አለ።

«ተቃርበሃል» አለችው።

ይሄ ለማስትሮ የማይዋጥ ሆነ። ከበሮ ከጡሩምባ ለይቶ የማያውቅ ሰው፣ ያውም ገና ግማሽ ፊቱ ያልተላጨ፣ ሊቀድመው ነው። ምላጩን ባለ ታክሲው ትከሻ ላይ ባለው ፎጣ ጠረገና አስቀመጠው። የሦስቱንም ሸክላ መጨረሻ መርፌውን እያነሳ እያሳረፈ መልሶ ሰማ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ዐይኑን ጨፍኖ። አረፋው ባለ ታክሲው ጉንጭ ላይ መድረቅ ጀመረ። ባለ ታክሲው ግን አላጉረመረመም፤ ነገር እንዳለ ሸትቶታል።

ከዚያ ማስትሮ ዐይኑን ገለጠና ሳቀ። «ያዝኩት! ‹ዳገቱ› ላይ ክላርኔቷ ከሁሉም ጋር ትወጣለች። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ሌሎቹ ይወርዳሉ፤ እሷ አትወርድም። ወዲያ ማዶ ትሄዳለች። ‹ጎረቤታሞቹ› ላይ ሁለተኛው ቫዮሊን መጨረሻው ላይ አይመልስም፤ አንደኛው ቢጠራው ቢጠራው የለም። ‹ሰነፉ ሰልፍ› ላይ ደግሞ ጡሩምባው ቀስ እያለ ይርቃል፣ ጥግ ታጥፎ እንደሚሄድ ሰው። በሦስቱም አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ይሄዳል። አይመለስም።»

እየሳቀ ወደ ሚስቱ ዞረ፤ ልክ ነህ እስክትለው ነው። እሷ ግን አልሳቀችም። እንደዚያ አላሰበችውም ነበር። ክላርኔቷን ስንት ዓመት ስትሰማት አንድም ቀን ወዴት ሄደች ብላ አታውቅም። «አይደለም» ብላ መልሳ መቀመጥ ትችላለች፤ ውሸትም አይሆንባት።

«እኔ ያልኩት ዝምድና ይሄ አልነበረም» አለች።

«አልነበረም?»

«አልነበረም። ግን ልክ ነህ።»

የማስትሮ ሳቅ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ፤ የሚያስቀምጥበት ቦታ አጣለት።

«ማን ነው የሚሄደው?» አለ ባለ ታክሲው፣ ከዚያም ወዲያው መጠየቁን ተጸጸተ። «እኔ… መኪናዬን አንዴ ልያት።» ፎጣውን እንዳጠለቀ፣ አንድ ጉንጩ በአረፋ እንደተሸፈነ ወጣ።

ትንሽ ጊዜ ሁለቱም የሚያልፉትን ሰዎች በመስታወቱ ውስጥ ተመለከቱ።

«ያንቺ ዝምድና ምን ነበር?» አለ ማስትሮ።

«በሦስቱም ላይ አንድ ነገር ልነግርህ ስል ‹ቆይ› ብለኸኛል።»

«ይሄማ ጨዋታ አይደለም። ዝምድናው ከሸክላው ውስጥ መሆን አለበት።»

«ከሸክላው ውስጥ ያለውንማ አንተ አገኘኸው።»

ማስትሮ የደንበኞች ወንበር ላይ ተቀመጠ። በዚያ ወንበር ሲቀመጥ አይታው አታውቅም፤ ከፊቱ መስታወት ስላለ ሁለት ሆኖ ታያት። «እሺ፣ ምን ልትነግሪኝ ነበር?»

ነገረችው። ስለ አለቃዋ፣ ስለ ሌላው ከተማ፣ ስለ ኃላፊነቱ፣ ቦታውን ራሷ ስለምትመርጥለት ጠረጴዛ፣ ስለ ሰኞ። ሳያቋርጣት ስትናገር ለራሷም እንግዳ ሆኖባት ሁለት ጊዜ ቆም ብላ ጠበቀችው። «ቆይ» ግን አልመጣም። «ክፍሉ መስኮት አለው» ብላ ጨረሰች።

«ለመስኮት ብለሽ?»

«ለመስኮትም ብዬ።»

«ታዲያ እዚህ አስከፍቱ አትያቸውም?»

«ከመሬት በታች? ትል ነው የምናይበት?»

ፈገግ ሊል ነበር፤ ተወው። «እኔስ?»

«እኮ አንተን ልጠይቅ ነበር። አብረን ብንሄድስ ብዬ። ሦስት ጊዜ ልጠይቅህ ነበር።»

«ሱቄስ? ደንበኞቼስ?»

«ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ የወጣው ነው ደንበኛህ?»

«ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ነው የቆምኩት» አለ ማስትሮ ወለሉን እያየ። ከወንበሩ ኋላ ያለው ጣውላ እሱ በሚቆምበት ቦታ ጎድጉዷል። «አልሄድም ብልስ?»

«እኔ እሄዳለሁ።»

እስክትለው ድረስ እንደዚያ እንደምትል አታውቅም ነበር። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ግን መልሳ ስትመዝነው አልከበዳትም። ማስትሮም ይህን ከድምፅዋ ሰማ። ድምፅ መለየት ሥራው ባይሆንም ሱሱ ነው።

በሩ ተንኳኳና የባለ ታክሲው ራስ ብቅ አለ። «ይቅርታ፣ ሌላኛውን ጉንጬን ፈልጌ ነው። ተሳፋሪ ሁሉ ይስቅብኛል።»

ማስትሮ ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀለት። ያለ ሙዚቃ ላጨው። ምላጩ ጢሙ ላይ ሲፍቅ ክርር የሚለው ድምፅ በሱቁ ውስጥ ጎልቶ ተሰማ።

«ማስትሮ፣ በማርያም፣ የሆነች ነገር አጫውት» አለ ባለ ታክሲው ቀስ ብሎ። «እስከ ዛሬ የምትይዘው ምላጭ ይሄን ያህል የሰላ መሆኑን አላወቅኩም።»

«ዝም በል፣ እንዳልቆርጥህ።»

ሚስትየው ሸክላዎቹን በየሽፋናቸው ከትታ ወደ ቤት ሄደች።

እሑድ ማጫወቻው ከሱቅ አልመጣም። ቤቱ ጭር አለ። ምሳ ላይ ማንኪያና ሹካ ሲነካኩ ይሰማ ነበር። ማስትሮ አኩርፏል ለማለት ያስቸግራል፤ ያኮረፈ ሰው አይጠይቅም። እሱ ግን ሳይታሰብ አንድ ጥያቄ ይወረውራል፣ ከዚያ ወደ ሳህኑ ይመለሳል።

«ያ ጠረጴዛ የት ይሆናል ያልሽው?»

በጣቷ የጠረጴዛ ልብሱ ላይ ሣለችለት። በሩ እዚህ ነው፤ ቆሻሻው በዚህ ይገባል፣ ንጹሑ በዚያ ይወጣል፤ ሁለቱ መንገድ ላይ መገናኘት የለባቸውም። ማሽኑ ከመሐል ሆኖ ይለያቸዋል። መስኮቱ በንጹሑ በኩል ነው፤ ጠረጴዛው ከሥሩ። ማስትሮ ጣቷን በዐይኑ ሲከተል ቆየ። ሚስቱ ምን እንደምትሠራ ያውቃል፤ «ዕቃ ትቀቅላለች» ይላል ለሚጠይቀው ሁሉ። እንዲህ ማሰብ የሚፈልግ ሥራ መሆኑን ግን ዛሬ ነው ያየው።

«መስኮቱ ላይ ፀሐይ በየት በኩል ነው የሚመጣው?» አለ ቆይቶ።

«ገና አላየሁትም።»

«ፊት ለፊት ከሆነ ዐይንሽን ይወጋሻል። ጠረጴዛውን ትንሽ ወደ ጎን አድርጊው።»

«እሺ፣ አደርገዋለሁ» አለች።

ሰኞ ጠዋት ወደ ምድር ቤት ከመውረዷ በፊት ደረጃውን ወጣችና ለአለቃዋ «እሄዳለሁ» አለቻት።

«ጎሽ። ባለቤትሽስ? ተስማማ?»

«እንጃ፣ ሲስተር። ግን ሰምቷል።»

«መስማትማ ይሰማል» አለች አለቃዋ፤ ያገባች ናት።

ማታ ማስትሮ ከሱቅ ሲመለስ እራት ቀረበ። እጁን ታጠበ፣ ተቀመጠ፣ ዳቦውን ቆረሰ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከጎረሰ በኋላ ራሱን ሳያነሳ፣

«ምን አልሻቸው?» አላት።

«እሺ አልኳቸው።»

ማኘኩን ቀጠለ። ውኃ ጠጣ። ብርጭቆውን አስቀመጠና ጠርዙን በጣቱ ዞር ዞር አደረገው።

«እዚያ ከተማ» አለ፣ «ሰዎቹ ፀጉር ያበቅላሉ?»

«ሳያበቅሉ አይቀሩም።»

«ጠይቂልኝ እስቲ።»